ዐውሎ ነፋስ የባሕርን ጥልቅ እንዴት እንደሚያናውጥ



ከባሕር ርቀን ለምንኖር ለእኛ የባሕር ዐውሎ ነገር ምን ይረባናል የሚል ቢኖር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓመት ሳጋር የተባለው ዐውሎ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ፥ ዝናሙ እስከ ምሥራቅ ኢትዮጵያ እንደ ደረሰ ያስታውስ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ዐውሎ በምድር ላይ ስለሚያደርገው ሳይሆን፥ በባሕር ሆድ ውስጥ ስለሚሠራው ነው።

ፀሐይ የምታሞቀው የውቅያኖስን ላይኛውን ውሃ ብቻ ነው፤ ይህም ሙቅ ውሃ በብዙ ስፍራ ውፍረቱ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሙቁ ቀላል ስለ ሆነ ከላይ ይሰፍራል፤ ቀዝቃዛው ከባድ ስለ ሆነ ከታች ይተኛል፤ ኃይለኛ ነገር ካላናወጣቸው በቀር እምብዛም አይቀላቀሉም። ዐውሎም ኃይሉን የሚያገኘው ከሙቁ ውሃ ከሚነሣው እንፋሎት ነው። ነገር ግን ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ሲያስሮጠው የታችኛው ባለበት ይቀራልና፥ በሁለቱ መፋተግ ቀዝቃዛው እየተበጠበጠ ወደ ላይ ይወጣል። ደግሞም ዐውሎው የላይኛውን ውሃ ከመካከል ወደ ዳር ስለሚበትነው፥ በለቀቀው ስፍራ የጥልቁ ውሃ ይነሣል። እንግዲህ ዐውሎ የሚበላውን ማዕድ በገዛ እጁ ያቀዘቅዘዋል ማለት ነው፤ ይልቁንም በአንድ ስፍራ የዘገየ እንደ ሆነ።

በ2000 ዓመት ካይ ታክ የተባለው ዐውሎ በደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ሦስት ቀን ያህል ቢዘገይ፥ የባሕሩ ፊት 9 ድግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መቀዝቀዙ በሳተላይት ታየ። ከጥልቁ የወጣውም ውሃ ለተክል ምግብ የሚሆን ነገር ይዞ ስለ ወጣ፥ በዓይን የማይታዩት የባሕር ዕፅዋት በዝተው የውሃው ሐመልማል 30 እጥፍ ያህል ሆነ። አጥፊው ነፋስ እንደ ገበሬ አርሶ የሄደ ይመስላል!

እንዲህ ከሆነ ዐውሎ ሁሉ ስለ ምን ራሱን በራሱ አያጠፋም? ምክንያቱ የሙቁ ውሃ ውፍረት ነው። በ2005 ዓመት ካትሪና የተባለው ዐውሎ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሲያልፍ፥ ሙቁ ውሃ ከመቶ ሜትር በታች በሚወርድበት በሉፕ የባሕር ጅረት ላይ ደረሰ። ቢያናውጠውም ከታች የወጣለት ያው ሙቅ ውሃ ነበርና እጅግ በረታ። ወደ የብስ ሲቀርብ ጥቂት ቢደክምም፥ ያስነሣው ባሕር የኒው ኦርሊንስን የጎርፍ መከላከያ ጥሶ ከተማዪቱን አጥለቀለቃት፤ በዚያ ዐውሎም ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ።

ስለዚህ የዐውሎን ብርታት አስቀድመው የሚነግሩ ሊቃውንት የባሕሩን ፊት ሙቀት አይተው ብቻ አይፈርዱም። አርጎ የተባሉት ተንሳፋፊ መሣሪያዎች እስከ 2000 ሜትር እየጠለቁ የለኩትንም ይመረምራሉ፤ በፊታቸው እኩል የሞቁ ሁለት ባሕሮች በሆዳቸው እጅግ ሊለያዩ ይችላሉና።