ብር ሲዋጣ ብር ይታከል

እሷ፦ ከመቱ ወደ በደሌ ስትሄድ ሁሩሙን አልፈህ ያዩ ትደርሳለህ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው የቡና ጫካ እዚያ ነው። ቡናው ሰው ሳይተክለው፣ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ይበቅላል። ለልጆቻችን ከዚህ የበለጠ ቤተ ሙከራ ከየት ይመጣል?

እሱ፦ የቸገረው መጠለያው ነው እህቴ። የኢሉባቦርን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ጫካ ዳር የቆመ የመማሪያ ዳስ ቋሚውን ምስጥ ይበላዋል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል። ለመሥራት የሚያዋጣ አይጠፋም፤ ለጥገና ግን ኪሱን የሚፈታ ጥቂት ነው።

እሷ፦ ተጓዳኝ መዋጮ ይሞከር ባይ ነኝ። ወላጆች አንድ ብር ሲያዋጡ፣ የአካባቢው ተወላጅ ወይም ባለሀብት ሌላ አንድ ብር ይጨምር። አዲስ ነገር አይደለም፤ የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ተሐድሶና ልማት ፈንድ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሲያሠራ የኅብረተሰቡን ድርሻ ይጠይቅ ነበር።

እሱ፦ ድርሻው በጉልበትም ይሁን! የገበሬው የሥራ ቀን፣ ያቀረበው ድንጋይና አሸዋ በገንዘብ ተተምኖ ይመዝገብለት። አለዚያ ተጓዳኙ ብር የሚደርሰው ጥሬ ገንዘብ ላላቸው መንደሮች ብቻ ይሆናል።

እሷ፦ በዚህ እስማማለሁ። እንጨቱ ግን ከጥብቁ ጫካ እንዳይቆረጥ፤ ከጓሮ ባሕር ዛፍ ይምጣ።

እሱ፦ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጥ፣ ሒሳቡም በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በአዲስ አበባም በውጭም ያላችሁ የኢሉባቦር ልጆች፣ ቆርቆሮው ክረምቱ ሳይገባ መመታት አለበትና ቃላችሁን አሁኑኑ ስጡ።