በክረምት ለዐርባ ተዝካር ያደረግነው ጉዞ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ስለ ሒሳቡና ስለ ዕቃው የሚናገሩ ሹማምንት ስላሉን እኛ ዛሬ የቆምነው ስለ አንድ ጉዞ ልናጫውታችሁ ነው። በዚያ ጉዞ የነበርነው ዐሥራ አንድ ሰዎች ስንሆን ዛሬ በሕይወት ያለነው ዘጠኝ ነን። ሁለቱን ራሳችን ቀብረናቸዋል። ስለዚህ ነገሩ ከእኛ ጋር እንዳይቀር፣ አዲስ የገባችሁ አባላትም እንድታውቁት ብለን ነው።

ሰኔ 10 ቀን 2006 ዓ. ም. የአንዲት አባላችን አባት በጎጃም፣ ከሉማሜ ከተማ ወጣ ባለ ገጠር ዐረፉ። እኅታችን መርዶውን እንደ ሰማች ብቻዋን ተሳፍራ ሄደች። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳንም አልተተከለም። የዚያን ጊዜው መተዳደሪያ ደንባችን ከከተማ ውጭ ለሚደርስ ሐዘን የተወሰነ ገንዘብ ይሰጥ ከማለት በቀር ሌላ ግዴታ አላስቀመጠም ነበርና። ገንዘቡ ተሰጣት። እኛም ግዳጃችንን የፈጸምን መስሎን ተቀመጥን።

ከሐዘን ስትመለስ ልናጽናናት ገባን። እርሷም እንዲህ አለችን፤ «ገንዘቡ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አጎቴ ‹ልጄ፣ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ስትኖሪ አብሮሽ የሚያለቅስ አንድ ሰው አላፈራሽም ወይ?› ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ።»

እንግዲህ አስቡት። ይህች ሴት ሃያ ዓመት ሙሉ በየሐዘናችን ቀድማ ገብታ ሽንኩርት የምትከትፍ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ድስት አጥባ የምትወጣ ናት። እኛ ግን በእርሷ ቀን ፖስታ ሰጥተን ቀረን። አንገታችንን ደፍተን ወጣን።

ቀብሩ አምልጦናል፤ ዐርባው ግን ነበረ። በእኛ አገር ልማድ ከሠልስት ጀምሮ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በዐርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ሟች ይታሰባል። ከእነዚህ ሁሉ ዐርባው የከበረ ነው፤ ጸሎተ ፍትሐት ይደረሳል፣ ካህናትና ድኾች ይበላሉ፣ ሩቅ ያለ ዘመድም ይሰበሰባል። ከሰኔ 10 ጀምረን ብንቆጥር ዐርባኛው ቀን ቅዳሜ ሐምሌ 19፣ የቅዱስ ገብርኤል ዕለት ሆነ። ለእርሷ ሳንነግር ተዋጥተን 2200 ብር፣ ቡና፣ ዕጣንና ጧፍ አዘጋጀን፤ ሚኒባስም ተከራየን። አንድ ሙስሊም ጎረቤታችንም «እኔን ትታችሁ ወዴት ልትሄዱ?» ብለው አብረውን ተሳፈሩ።

መነሻችን ዐርብ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነበር። እውነቱን እንናገር፤ የተነሣነው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው። አንዱ ጃንጥላ ረሳሁ ብሎ ተመለሰ፤ የአንዷ ዳቦ ገና ምጣድ ላይ ነበር። በክረምት መንገድ የጠፋ አንድ ሰዓት በኋላ አራት ሆኖ እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ አላወቅንም።

እንጦጦ ላይ ጉሙ መኪናውን ዋጠው። ሱሉልታን፣ ጫንጮን አልፈን ጎሐ ጽዮን የደረስነው ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ እስከ ደጀን ያለው የዐባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ስለሚወርድ ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው ታች ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን እንደ ጀመርን መኪናዎች ተሰልፈው አገኘን። ዝናቡ ድንጋይና ጭቃ አውርዶ መንገዱን ዘግቶታል። ናዳው እስኪጠረግ አምስት ሰዓት ያህል ቆምን። በሰዓታችን ብንነሣ ኖሮ ገና ናዳው ሳይወርድ ባለፍነው ነበር።

ደጀን የገባነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ዐርብ ስለ ሆነ ሽሮ አስቀርበን እየበላን ሳለ ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «ሌሊቱን ሄደን ፍትሐቱ ላይ እንድረስ፣ አለዚያ መምጣታችን ምኑ ነው?» አልን። ሾፌሩ ግን፣ ልጅ እግር ነው፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ በዚህ ጉምና ዝናብ አልነዳም። ለአንድ ተዝካር ሄደን ዐሥራ ሁለት ተዝካር እንዳናተርፍ» አለ። ከመካከላችን አብዝቶ ይጮኽ የነበረው ሰው መጀመሪያ ዝም አለ። እዚያው በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት እየሆንን አደርን።

በማግስቱ ሉማሜን አልፈን ከአስፋልቱ እንደ ወጣን የመኪናው ጎማ በመረሬው ሰጠመ። ገፋን፤ ድንጋይ አነጠፍን፤ አልሆነም። መኪናውን ለሾፌሩ ትተን ጫማችንን በእጃችን ይዘን በእግር ጀመርን። የገብርኤል ዕለት ስለ ሆነ እርሻው ላይ በሬ የጠመደ የለም፤ መንገድ የሚጠየቅ ሰውም ጠፋ። በኋላ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ልጆች አግኝተውን ዕቃችንን በአህያ ጫኑልን።

ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ፍትሐቱ አልቆ ካህናቱ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ይበላሉ። እኅታችን ጠላ ስትቀዳ ነበር። አየችንና ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀምጣ ቆመች፤ ምንም አልተናገረችም። ያን ጥያቄ የጠየቋት አጎቷ ተነሥተው «የልጃችን ሰዎች ናችሁ?» አሉን። «አዎን» አልን። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው መደቡ ላይ አነጠፉና «ከነጭቃችሁ ግቡ» አሉን። ውኃ ተሞቆ እግራችን ታጠበ። ለሙስሊሙ ጎረቤታችን ለብቻ ወተትና ዳቦ ቀረበላቸው።

ገንዘቡን ስንሰጥ አጎትየው ሳይቆጥሩ ተቀበሉ። የሟች ባለቤት፣ የእኅታችን እናት ግን የእያንዳንዳችንን እጅ እየያዙ እንዲህ አሉ፤ «እንግዲህ ልጄ አገር ቤትም፣ እዚያም ሰው አላት። አሁን እኔ ብሞት አልሰጋም።»

ወገኖቻችን፣ ዕድር ማለት ይህ ነው ብለን እናምናለን። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ገንዘቡም ያስፈልጋል። ነገር ግን ሐዘንተኛን ቀና የሚያደርገው «የእኔ ሰዎች መጡ» ማለት መቻሉ ነው። በ2007 ዓ. ም. ጠቅላላ ጉባኤም ይህን ተቀብላችሁ፣ ወላጅ በሩቅ አገር ሲሞት ቢያንስ አምስት ሰው ከዕድሩ እንዲሄድ፣ ከመጓጓዣውም ግማሹ ከሣጥን እንዲከፈል በደንቡ ላይ ጨምራችኋል።

ከ2015 ዓ. ም. ክረምት ጀምሮ ግን በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት እንደ ልብ የማይኬድባቸው ቀናት ብዙ ሆነዋል። እኛን ያን ጊዜ ያቆመን ጭቃ ነበር፤ ጭቃ ደግሞ በእግር ይታለፋል። ተኩስን ግን እለፉት ብለን ማንንም አንልክም። ስለዚህ ለዛሬ የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መንገድ ሰላም ሲሆን የሚሄዱት ሰዎች በቀጠሮው ሰዓት ይነሡ፤ የዘገየ ይቀር። ማታ አይነዳ፤ ሾፌር እምቢ ሲል ይሰማ።

ሁለተኛ፣ መሄድ በማይቻልበት ጊዜ ጡሩምባው እዚሁ ይነፋ። በዐርባው ቀን ከሐዘንተኛው ቤት ገብተን አብረን እንዋል፤ አገር ቤት ላሉትም ስልክ ተደውሎ የእኛ ድምፅ ይሰማ።

ሦስተኛ፣ ፖስታ ሰጥቶ መቅረት አይልመድብን።

እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን፤ የሞቱትን ነፍስ ይማር።