ጌዲዮንን ስንከታተል ልጆቻችንን ማን ተከታተለ?

በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ትምህርት

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

 

የዛሬው ርእሳችን ኳስ ነው። «ኢማም ስለ ኳስ ምን አገባው?» የምትሉ ልትኖሩ ትችላላችሁ። ነገር ግን ልጆቻችን ጧትና ማታ የሚያወሩትን ትተን ስለማያወሩት ብቻ ብናስተምር ማን ይሰማናል? ስለዚህ እስከ መጨረሻው አብራችሁን እንድትቆዩ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የጁሙዓው ምሽት

ነገሩ የሚጀምረው ጥር 16 ቀን 2006 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2014 መሆኑ ነው። ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። በዚያን ሰሞን ወጣቶቻችን የአንድ ልጅ ስም ከአፋቸው አይለይም ነበር፤ ጌዲዮን ዘላለም። እ.ኤ.አ. በ1997 በጀርመን በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ፤ በ2006 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በሜሪላንድ ለታዳጊዎች ክለብ ሲጫወት የአርሰናል መልማዮች አይተውት በ2013 ወደ ለንደን ወሰዱት። ያ ዓመት ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበት፣ በኖቬምበር ወር ደግሞ በናይጄሪያ ተሸንፎ ከዓለም ዋንጫ ደጃፍ የቀረበት ዓመት ነበር። የሕዝባችን ልብ በኳስ ሞቆ ነበርና ሁሉም «ይህ ልጅ ለኛ ይጫወታል» ብሎ ተስፋ አደረገ።

በዚያ ጁሙዓ ከዐስር ሰላት በኋላ ከመስጂዳችን ወጣቶች አንዱ ወደኛ ቀረበ። የጌዲዮን እኩያ ነው። «ሼኽ፣ ዛሬ ማታ ጌዲዮን ሊገባ ይችላል ይባላል። ዱዓ አድርጉለት» አለን። እኛም ግንባራችንን ቋጥረን «ለኳስ ነው ዱዓ የምታስደርገው? ሂድና ቁርአንህን ቅራ» አልነው። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ጨዋታው የተጀመረው በኛ ሰዓት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲቀረው ነው። አርሰናል በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ሲቲን 4 ለ 0 አሸነፈ፤ ጌዲዮንም በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይሮ ገባ። 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። አሰልጣኙ አርሴን ቬንገር ክለቡን ከተረከቡ በኋላ ተወልዶ ለአርሰናል የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። በከተማችን ከኳስ ማሳያ ቤቶች የወጣው ጩኸት እስከ ቤታችን ተሰማ። በማግስቱ በሱብሒ ሰላት ሶፋችን ሳስቶ ነበር። እኛም በቀጣዩ ጁሙዓ ሚንበር ላይ ወጥተን ኳስንም፣ ኳስ ተመልካቾችንም በጅምላ ኮነንን። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ወጣት በሶፋችን ውስጥ አላየነውም።

ስህተታችን የት ላይ ነበር?

ውድ አድማጮች! የሱብሒን ሰላት ጉዳይ መናገራችን ስህተት አልነበረም። ሰላት የዲን ምሰሶ ናት፤ ለ90 ደቂቃ ጨዋታ ተብላ የምትተው አይደለችም። ስህተታችን የተፈቀደውን ካልተፈቀደው ጋር ቀላቅለን መኮነናችን ነው። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦራቸው ሲጫወቱ ነቢያችን አልከለከሏቸውም፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከትከሻቸው ኋላ ቆማ እስክትጠግብ ትመለከት ነበር። ከዓኢሻም ጋር ሩጫ ተወዳድረዋል። አካልን የሚያጠነክር ጨዋታ፣ ሰላትን እስካላስተወ፣ ሐራም እስካልተቀላቀለበት ድረስ ተፈቅዷል።

በዱዓውም ጉዳይ እንዲሁ። ጡፈይል ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) በጎሳቸው በደውስ ላይ እርግማን እንዲደረግ በጠየቁ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለጎሳው ቅናቻን ነው የለመኑት። ታዲያ ለአንድ የ16 ዓመት ልጅ ጤናና ቅን መንገድ መለመን ምን ይከብደን ነበር? ያ ወጣት የመጣው ኳስን ይዞ ቢሆንም የመጣው ወደ መስጂድ ነበር። በሩን የዘጋነው እኛ ነን። አስተግፊሩላህ።

ከዚያ በኋላ ልጁ የት ደረሰ?

የብዙዎቻችን ክትትል ስሙን ከመጥራት አላለፈም። መንገዱን ግን ብናውቀው ትልቅ ትምህርት አለው። ጌዲዮን በዲሴምበር 2014 በቻምፒዮንስ ሊግ በጋላታሳራይ ላይ ተቀይሮ ገባ። በዚያው ወር የአሜሪካን ዜግነት አገኘ፤ ለአሜሪካ ወጣት ቡድንም ተጫወተ። ያን ጊዜ ሲያወድሱት የነበሩ አንደበቶች ሊሰድቡት ጀመሩ። አላህን እንፍራ! ልጁ ቃል አልገባልንም። ያልተሸከመውን አማና እኛ ራሳችን አሸክመነው «ከዳን» ማለት በደል ነው፤ ሥጋውንም በሐሜት መብላት ነው።

በውሰት ወደ ስኮትላንዱ ሬንጀርስ ሄደ፤ ቡድኑ በ2016 ወደ ዋናው ሊግ ሲያድግ አብሮ ነበር። በ2017 ወደ ሆላንዱ ቬንሎ ተላከ፤ ያም ቡድን አደገ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በደቡብ ኮሪያ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። በ2019 ለአርሰናል በፕሪሚየር ሊግ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ወደ አሜሪካው ካንሳስ ሲቲ ተሻገረ። ከዚያ ኒውዮርክ ሲቲ ገባ፤ ክለቡ በ2021 የአሜሪካን ሊግ ዋንጫ ወሰደ። በ2023 ደግሞ ወደ ሆላንዱ ደን ቦሽ ሄደ።

ሶማሊኛ ተናጋሪ ወጣቶቻችን ከዚያ በፊት የሚከታተሉት ሌላም ልጅ ነበር፤ አዩብ ዳውድ። በ1990 በሞቃዲሾ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ጣሊያን ገባ። በማርች 2009 ለጁቬንቱስ ከቦሎኛ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቀይሮ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ክሮቶኔና ወደ ሌሎች ትናንሽ ክለቦች በውሰት ዞረ፤ ኋላም በሀንጋሪው ሆንቬድ ተጫወተ።

እነዚህን ልጆች «ወደቁ» አንልም። ሠርተው ይበላሉ፤ ሪዝቃቸውን አላህ በጻፈላቸው ቦታ አገኙ። ነገር ግን አስተውሉ! ሕጋዊ ወረቀት ነበራቸው፤ ምርጥ አሰልጣኝ፣ ሐኪም፣ የለመለመ ሜዳ ነበራቸው። ይህ ሁሉ እያለ የታሰበው ቦታ አልደረሱም። ታዲያ ወረቀት የሌለው ልጃችን በረሃና ባሕር አቋርጦ «አውሮፓ ስደርስ ኳስ ተጫዋች እሆናለሁ» ሲለን ምን እንመልስለታለን?

የአባትየው ቃል

ያ ዱዓ የጠየቀን ወጣት በ2015 ለማንም ሳይናገር በታህሪብ ወጣ። በአዲስ አበባና በመተማ አድርጎ ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ ገባ። «ማገፌ» የሚሏቸው አጋቾች ያዙት። ስልክ አስይዘው እየደበደቡት ድምፁን ለአባቱ አሰሙ። አባትየው የሱቁን ዕቃና ሁለት ግመል ሸጦ፣ ከዘመድም ተበድሮ በሐዋላ ላከ።

በዚያ ጭንቅ ጊዜ ልንጠይቀው ሄድን። አጠገባችን ተቀምጦ እንዲህ አለን፤ «ሼኽ፣ እኔም አርሰናል ነኝ። ጌዲዮን ማንን ቀይሮ እንደገባ አስታውሳለሁ። ልጄ ትምህርት ካቆመ አራት ወር እንደሆነው ግን የሰማሁት ከሄደ በኋላ ነው።» እኛም የምንመልሰው አጣን። እሱ ልጁ ትምህርት ማቆሙን አላወቀም፤ እኛ ደግሞ ከሶፋችን መጥፋቱን እያወቅን ቤቱ ድረስ ሄደን አልጠየቅንም።

ሳሚያ ዩሱፍ ዑመርን አስታውሱ። በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ ለሶማሊያ የሮጠች እህታችን ናት። ለመሠልጠን ወደ አገራችን መጥታ ነበር፤ ከዚያ በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ ወደ ጣሊያን ስትሻገር በ2012 ባሕር ላይ ሞተች። አላህ ይዘንላት። የኛን ወጣት ግን አላህ መለሰልን። በ2017 በረመዳን ወር፣ ጌዲዮን ጉልበቱን በተጎዳበት ሰሞን፣ ከስቶ ጠቁሮ ጅግጅጋ ገባ። መጀመሪያ የሄድነው እኛ ነበርን፤ ይቅርታም ጠየቅነው። «አውፍ ብያችኋለሁ፣ ሼኽ» አለን። ዛሬ በቶጎ ውጫሌ መንገድ ጎሚስታ ይሠራል። ከዐስር በኋላ የሰፈር ልጆችን ኳስ ያሠለጥናል፤ መግሪብ አዛን ሲል ኳሱን ብብቱ ሥር ይዞ ልጆቹን ወደ መስጂድ ያስከትላል።

ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኛ እንደሆንንና ስለ መንጋችን እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። የሩቁን ልጅ ደቂቃ በደቂቃ የምንቆጥር ከሆነ የራሳችንን ልጅ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን «ትምህርትህ እንዴት ነው? ከማን ጋር ትውላለህ? ምን ታስባለህ?» እንበለው። ኳስ የሚወድ ከሆነ ሜዳው ድረስ ሄደን እንየው። ቤቲንግ የሚሉትን ውርርድ ግን ዝም አንበል፤ ስሙ ቢያምርም ቁማር ነው፤ አላህ በሱረቱል ማኢዳ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ የከለከለው ነው።

ወጣቶች ሆይ! ተስፋችሁን ቁረጡ አንላችሁም። ግመልህን እሰርና ከዚያ በአላህ ተመካ የሚለውን የነቢያችንን ምክር ታውቃላችሁ። ትምህርታችሁ፣ ሙያችሁ፣ ጤናችሁ ገመዳችሁ ነው። ሕይወትን ለደላላ አሳልፎ መስጠት ግን ተወኩል አይደለም። ማታ ኳስ ብታዩ ሱብሒን አታሳልፉ።

ኢማሞችና ኡስታዞችም፣ ከራሳችን እንጀምር። ጥያቄ ይዞ የመጣን ልጅ ጥያቄው ቢያንስብንም ልጁን አንመልሰው። ከሶፍ አንድ ወጣት ሲጎድል ቤቱን እናንኳኳ።

አላህ ልጆቻችንን ከበረሃና ከባሕር ይጠብቅልን። በየአጋቾች እጅ ያሉትን ነፃ ያውጣልን፤ የሞቱትን ይማርልን። በዓለም ዳርቻ ሁሉ በላባቸው ለሚሠሩ ልጆች፣ ለጌዲዮንም ለአዩብም፣ ጤናና ቅን መንገድ ይስጣቸው። ያን ጊዜ የነፈግነውን ዱዓ ዛሬ አደረግን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።