ድምፅ የማይሰጥበት ወንበር፦ የናሚቢያዊቷ ኤማ ቴዎፌሉስ የሹመት ጉዞ



የዛሬዋ ባለ ጉዳያችን ናሚቢያዊት ፖለቲከኛ ናት፤ ወይም ናቸው። የዚህን ገለጻ የመጀመሪያ ረቂቅ ስጽፍ «እሷ» እያልሁ ቆይቼ፣ የበላያቸው ስለ ነበሩት ወንድ ሚኒስትር ስደርስ ብዕሬ ሳያመነታ «እርሳቸው» ማለቱን አስተዋልሁ። ረቂቁን አርሜዋለሁ፤ ስሕተቱን ግን ልደብቃችሁ አልፈለግሁም፤ የጉዳያችን አካል ነውና።

ኤማ ቴዎፌሉስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1996፣ አገራቸው ነጻ በወጣች በስድስተኛው ዓመት ነው። በሕፃናት ፓርላማ ምክትል አፈ ጉባኤ ነበሩ፤ በናሚቢያ ዩኒቨርሲቲም ሕግ አጠኑ። በመጋቢት 2020 ፕሬዚዳንት ሄጌ ጌይንጎብ የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ምክትል ሚኒስትር አድርገው ሲሾሟቸው 23 ዓመታቸው ነበር። በዚያው ወር ኮቪድ ናሚቢያ ገባ፤ ለሕዝብ መረጃ ማድረስም የዚሁ መሥሪያ ቤት ሥራ ሆነ። ለሹመት መለማመጃ የሚሆን ጊዜ አልነበረም።

ወደ ፓርላማ የገቡት በምርጫ አልነበረም። የናሚቢያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 ፕሬዚዳንቱ በልዩ ዕውቀታቸው፣ በደረጃቸው፣ በችሎታቸው ወይም በልምዳቸው የመረጧቸውን እስከ ስምንት ሰዎች ወደ ብሔራዊ ምክር ቤቱ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። እነዚህ አባላት ይናገራሉ፤ ይከራከራሉ፤ ድምፅ ግን አይሰጡም። «የ23 ዓመት ወጣት ምን ልምድ አላት?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። በተመሳሳይ አንቀጽ የገቡ አዛውንቶች ልምዳቸው ሲመረመር ግን ብዙ አይሰማም።

«ሕዝብ አልመረጣትም» የሚለው ክስም በናሚቢያ የሚመስለውን ያህል ጠንካራ አይደለም። የብሔራዊ ምክር ቤቱ ምርጫ በተመጣጣኝ ውክልና የሚካሄድ ነው፤ መራጩ ፓርቲ ይመርጣል እንጂ በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ስሞች አንዱን ነጥሎ አይመርጥም። የዩጋንዳዋን ፕሮስኮቪያ አሌንጎትን ብንወስድ ነገሩ ሌላ ነው። እርሳቸው በ2012 በ19 ዓመታቸው፣ በአባታቸው ሞት ክፍት በሆነው የኡሱክ ወንበር፣ በአካባቢው ሕዝብ ድምፅ ተመርጠዋል። ሆኖም እዚያ ደግሞ «የአባቷን ወንበር ወረሰች» ተባለ። እንግዲህ የተሾመችው አልተመረጠችም፣ የተመረጠችው ወረሰች ከተባለ፣ ለወጣት ሴት የቀረው በር የትኛው ነው?

ይህን ስል ግን የሹመቱን ድክመት መሸፈኔ አይደለም። በአንድ ሰው ፈቃድ የተገኘ ወንበር በዚያው ሰው ፈቃድ ይታጣል። ጌይንጎብ በየካቲት 2024 ሲያርፉ የኤማ የፖለቲካ ዕጣ አብሮ ያበቃል ብሎ መገመት ይቻል ነበር። አላበቃም፤ ተተኪው ፕሬዚዳንት ናንጎሎ ምቡምባ ወደ ሙሉ ሚኒስትርነት አሳደጓቸው። በመጋቢት 2025 የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ኔቱምቦ ናንዲ ንዳይትዋህ የሚኒስቴሮችን ቁጥር ወደ 14 ሲቀንሱም በቦታቸው አቆዩአቸው።

ሦስቱም ሿሚዎች ግን የአንድ ፓርቲ፣ የስዋፖ ሰዎች ናቸው። የሕግ ተማሪዎቼ እንድትመረምሩልኝ የምፈልገው ይህንን ነው፦ በ2020 ወጣቶችን ወክለው የገቡት ምክትል ሚኒስትር በምክር ቤቱ ቆመው የመሥሪያ ቤታቸውን ሐሳብ ማስረዳት ይችሉ ነበር፤ ጉዳዩ ለውሳኔ ሲቀርብ ግን እጃቸውን ማንሣት አይችሉም ነበር።