ጉልበት በደም ሥር ይገባልን? ስለ ግሉኮስ፣ ስለ ቫይታሚንና ስለ ሀለኮ



«አቅም አንሶኛልና ግሉኮስ ይሰካልኝ» የሚለውን ጥያቄ በአርባ ምንጭም ሆነ በአዲስ አበባ ሕሙማንን ያየ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። የጠያቂውን ድካም አልጠራጠርም። የምመረምረው መድኃኒቱ ከጠርሙሱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ነው።

በሒሳቡ እንጀምር። ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ከዚህም ከ170 እስከ 200 ኪሎ ካሎሪ ይገኛል። አንድ አዋቂ በቀን 2,000 ገደማ ስለሚያስፈልገው፣ ሙሉው ሊትር ከዕለት ፍላጎቱ ከአንድ ዐሥረኛ አይበልጥም። ፕሮቲንም ብረትም የለውም። መብላት የሚችል ሰው ያንኑ ኃይል ከሁለት መካከለኛ ሙዞች ያገኛል፤ ሙዝ ደግሞ በዚህች ከተማ ብርቅ አይደለም።

«ታዲያ ለምን ተሻለኝ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቆላው ሙቀት ውኃ ያጠረው ሰው ፈሳሹ ይረዳዋል፤ ጋደም ማለቱና ተንከባካቢ ማግኘቱም ይረዳዋል። በውጭው ዓለም «ማየርስ ኮክቴል» የተባለ የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ በደም ሥር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ፣ 34 የፋይብሮማያልጂያ ሕሙማን በተካተቱበት ጥናት ድብልቁን የወሰዱትም ሆኑ ቫይታሚን የሌለበት ፈሳሽ የተሰጣቸው መሻል አሳይተዋል፤ በመካከላቸው ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም።

የቢ ወገን ቫይታሚኖችና ቫይታሚን ሲ በውኃ የሚሟሙ በመሆናቸው፣ ትርፋቸውን ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ቫይታሚን ኤ ግን በጉበት ይከማቻል፤ ከመጠን ሲያልፍ ጽንስን ይጎዳል።

ይህን ስል ግሉኮስን ማጣጣሌ አይደለም። በጽኑ ወባ የደም ስኳሩ ለወረደ ሕፃን ሕይወት አድን ነው። ለነፍሰ ጡር በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ መስጠትም በማስረጃ የጸና ምክር ነው። ልዩነቱ፣ በእነዚህ ሁሉ የጎደለው ነገር አስቀድሞ መታወቁ ነው።

ሳይታወቅ ሲሰጥስ? ድካሙ ከወባ፣ ከመንጠቆ ትል፣ ከሳንባ ነቀርሳ ወይም ከደም ማነስ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያልታወቀ የስኳር ሕመም ካለ፣ የምንሰካው ሕመሙን የሚያባብሰውን ነው። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ፈሳሹ ራሱ ሸክም ነው። በምግብ እጥረት ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ሳያገኝ ግሉኮስ ቢገባለት፣ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። የድኃ ቤተሰብ ገንዘብም ለምርመራ ሳይተርፍ ያልቃል።

አንዳንዶቻችሁ «የእኛው ሀለኮ አለልን» ትሉ ይሆናል። ሀለኮ ወይም ሽፈራው በጋሞ ቆላ በየጓሮው የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ መልካም ምግብ ነው። ነገር ግን በዱቄትና በእንክብል ሲሸጥ ለሁሉ በሽታ ፈውስ ነው መባሉን እቃወማለሁ። በዓለም የሚጠቀሱት ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በሞሪንጋ ኦሌይፈራ ላይ ነው፤ የእኛው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ሌላ ዝርያ ነው። ይህን ክፍተት መሙላት ደግሞ ከዛፉ አጠገብ የሚማሩት የእናንተ ድርሻ ነው።

የጤና ተማሪዎች ሆይ፣ ግሉኮስ ለሚጠይቃችሁ ሰው «አያስፈልግህም» ብላችሁ አታሰናብቱት። ከመቼ ጀምሮ እንደደከመው፣ ምን እንደሚበላ፣ ያተኩሰው እንደሆነ ጠይቁት፤ ደሙንም መርምሩለት። ለድካሙ የሚገባው ክብር ይህ ነው።