ክዳኑ ስር ያለው ቡሎን

ቃሉን ከመክፈታችን በፊት ስለ አሮጌ ቮልሴ ትንሽ ላውራችሁ። መኪና የሌላችሁም ሬዲዮኑን አትዝጉ፤ ነገሩ ወደ ሁላችንም ቤት ይመጣል።

የቮልሴ የኋላ ግራ ጎማ አንዱ ቡሎን ከተበላሸ ቆይቶ ነበር። ሲያጠብቁት ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነክስም። ፊሌቶው አልቋል። እኔ ምን አደረግሁ? የሚያብረቀርቀውን የቸርኬ ክዳን መልሼ ገጠምኩበት! ያየ ሁሉ «ፓስተር፣ ቮልስዎ እንዴት ታምራለች» ይለኛል። እኔም «ጌታ ይመስገን» እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ቤተሰቤን ይዤ ወደ ቢሾፍቱ ስሄድ ከኋላ ቋ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ቆምኩ። ክዳኑን ባነሣው ከአራቱ ሁለቱ ላልተዋል። አንዱ ሥራውን ሲተው ሸክሙ በቀሩት ላይ ነበር። ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ «ታውቅ ነበር?» አለችኝ። «አውቅ ነበር» አልኩ።

አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። አዲስ ቡሎን ገዝቼ ስለነበር በኩራት አወጣሁለት። ሳቀብኝ። በብዙ መኪና ቡሎኑ ከመሐሉ ወጥቶ ይቆማል፣ ዳዶ ይታሰርበታል፤ ካረጀ በመዶሻ ወደ ኋላ ተመትቶ ይወጣና ሌላ ይገባል። የቮልስ ግን ቡሎኑ ራሱ የፍሬኑ ታምቡር ውስጥ ነው የሚጠልቀው። የታምቡሩ ፊሌቶ ከተበላ አዲስ ቡሎን ምን ያደርጋል? ወይ ቀዳዳው ሰፍቶ የብረት ፊሌቶ ይቀበርበታል፣ ወይ ታምቡሩ ይቀየራል። የኔው ሌሎቹም ቀዳዳዎች ስለተጎዱ ተቀየረ። ለዚያ የመሐሉን ትልቁን ባለ 36 ዳዶ መፍታት ነበረበት፤ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተን ሁለት ሆነን ተንጠለጠልንበት።

ደግሞ የገዛሁት ቡሎን ሌላ ጉድ ነበረበት። ፊሌቶው ይገጥማል፤ የጭንቅላቱ መቀመጫ ግን ሾጣጣ ነው፣ የቸርኬው ደግሞ ክብ ጎድጓዳ። በቀጭን ጠርዝ ብቻ ይነካና መንገድ ላይ ይላላል። «ገባ ማለት ያዘ ማለት አይደለም» አለኝ። ትክክለኛዎቹን አምጥቶ መጀመሪያ በጣቱ አስገባቸው፤ በቁልፍ አስገድዶ የጀመረ ፊሌቶ ይበላል። ከዚያ በተሻጋሪ አጠበቃቸው።

ገላትያ 6 ቁጥር 1 ላይ በበደል የተገኘውን ሰው መንፈሳውያን የሆኑት በየዋህነት እንዲያቀኑት ጳውሎስ ያዛል። የግሪኩ ቃል ካታርቲዞ ነው። በማቴዎስ 4 ቁጥር 21 ያዕቆብና ዮሐንስ መረባቸውን ሲያበጁ የተጻፈውም ይኸው ቃል ነው። የተቀደደ መረብ ላይ ጨርቅ አይጣልበትም፤ ቀዳዳው ተፈልጎ ክር በክር ይሠራል።

እዚያ ጋራዥ ቆሜ ጌታ ሌላ ክዳን አሳየኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ አንድ ሽማግሌን በስብሰባ መሐል፣ ስለ ሕንፃው ገንዘብ፣ ሳላጣራ ተናግሬያቸው ነበር። ኋላ ቢሮ ውስጥ ተጨባበጥን፣ ጸለይን፣ «ይቅር ተባባልን» ተባለ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ቡራኬው ሳያልቅ ይወጣሉ። እኔም አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። አያችሁ፣ ጸጋን የቸርኬ ክዳን አድርጌዋለሁ።

ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ዝም አላለም፤ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ። ስለዚህ ቤታቸው ሄድኩ። ሻይ አቀረቡልኝ። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ «ፓስተር፣ የተናገርከኝ በሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታው ግን በር ተዘግቶ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው እሑድ ስብከቱን ከመጀመሬ በፊት ስሕተቱ የእኔ እንደነበር፣ ገንዘቡም በትክክል እንደተያዘ በጉባኤው ፊት ተናገርኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መካኒኩ ሲሸኘኝ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ቡሎኖቹን ድጋሚ እንዳጠብቃቸው አዞኝ ነበር፤ አዲስ የተገጠመ ነገር ሲቀመጥ ይላላል። እኔና ሽማግሌውም እንደዚያ ነን። ረቡዕ ረቡዕ እሄዳለሁ። ሳቃቸው እንደ ድሮው አልሆነም፣ ባለፈው ሳምንት ግን በር ድረስ ሸኙኝ።

ማቴዎስ 5፣ ቁጥር 23ንና 24ን አውጡ። መባውን መሠዊያው ፊት ትቶ ስለሚሄደው ሰው አብረን እናነባለን፤ ከዚያ የምትሄዱበትን ሰው ስም በልባችሁ ይዛችሁ እንጸልያለን።