እንግዳዋ ጫጩት

እንደ ወትሮው ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ወደ ራዲዮው ጠጋ በሉ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ዶሮ ነው።

ነገሩን ያመጣው አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፉልን አንዲት እናት ናቸው። ማንበብና መጻፍ የተማሩት በቅርቡ ነው። «በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ይህ ነው» ይላሉ። ቀጥለውም እንዲህ ይላሉ፦

«ከገበያ አንዲት ጫጩት ገዛሁ። አድጋ እንቁላል ስትጥል ለልጄ ደብተር መግዣ ይሆናል ብዬ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ከሦስቱ ዶሮዎቼ ጋር አስገባኋት። ጧት ስነሣ ጭንቅላቷ ተነቁሮ፣ ሞታ አገኘኋት። ዶሮዎቼ ክፉ ሆነው ነው? ወይስ የኔ ዕድል ነው?»

እናታችን፣ ዶሮዎችዎ ክፉ አይደሉም። ዕድልዎም አይደለም። የጎደለው ጊዜ ነው። ለጫጩቷም ለዶሮዎቹም የመለማመጃ ጊዜ አልተሰጣቸውም።

ዶሮዎች በመካከላቸው ደረጃ አላቸው። እህል ስትበትኑላቸው ልብ ብላችሁ እዩ። አንዷ ቀድማ ትለቅማለች። ሌላዋ ብትጠጋ ትነቁራታለች። የተነቆረችው ደግሞ ዞራ ከሷ በታች ያለችውን ትነቁራለች። ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤቤ የሚባል የኖርዌይ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን እያየ፣ ማን ማንን እንደምትነቁር ይጽፍ ነበር። ያየውንም በ1922 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ዓለም የዶሮን ደረጃ ያወቀው በዚህ ዓይነት ጽሕፈት ነው።

እንግዳ ሲመጣ ይህ ደረጃ ይናጋል። እያንዳንዷ ዶሮ ቦታዋን ላለመልቀቅ ትነሣለች። ትልቅ ዶሮ ብትሆን ትከላከላለች፤ አለዚያም ትሸሻለች። ጫጩት ግን አቅም የላትም። በጠባብ ቤት፣ በሌሊት፣ መሸሻም የላትም።

እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ? አራት ነገር ነው።

አንደኛ፤ ለብቻ ማቆየት። ከገበያ የመጣች ጫጩት ደኅና መስላ በሽታ ልትይዝ ትችላለች። ፈንግል አንድ ቤት ከገባ የሰፈሩን ዶሮ ይጨርሳል። ስለዚህ እንግዳዋን አንድ ወር ያህል ከሌሎቹ አርቃችሁ፣ በሙቅ ቦታ አቆዩ። መጀመሪያ ነባሮቹን መግቡ፤ ኋላ እሷን። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ። ካስነጠሳት፣ አረንጓዴ ካስቀመጣት ወይም አንገቷ ከተጣመመ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የፈንግል ክትባት እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ለሁሉም ዶሮዎቻችሁ አስከትቡ።

ሁለተኛ፤ ማሳደግ። ጫጩቷ ቄብ እስክትሆን፣ ቁመቷ ወደ ነባሮቹ እስኪጠጋ ታገሡ። ይህ ሦስት ወር፣ አራት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከተቻለ አንድ ሳይሆን ሁለት ጫጩት ግዙ። ሁለት ከሆኑ ዱላውን ይካፈሉታል፤ ብርዱንም ተጠጋግተው ያልፉታል። ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ተብሎ የሚሸጠው መኖ ለቅርፊት የሚሆን ብዙ ካልሲየም አለበት። የጫጩትን ኩላሊት ይጎዳል። ለጫጩት የጫጩት መኖ ስጡ።

ሦስተኛ፤ ማስተያየት። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትልቅ ቅርጫት ውሰዱ። ዶሮዎቹ በሚውሉበት ግቢ፣ ጥላ ባለበት ቦታ፣ ቄቧ ላይ ድፉት። ውሃና እህል ውስጥ አስቀምጡላት። እንዳይገለበጥም ድንጋይ ጫኑበት። ይተያያሉ፤ ግን አይነካኩም። ከ7 እስከ 14 ቀን እንዲህ ይዋሉ። ማታ ማታ ለብቻዋ ትደር።

አራተኛ፤ መቀላቀል። ጧት፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ እናንተ ባላችሁበት ልቀቋት። እህሉን በአንድ ቦታ አትከምሩ፤ በተን በተን አድርጉት። የውሃ ዕቃውም ሁለት ይሁን። መሸሸጊያ እንዲሆናት የተጋደመ እንጨት ወይም ቁጥቋጦ ይኑር። በሰላም ከዋለች ሲጨልም ቆጡ ላይ ከነሱ ጎን አስቀምጧት። ዶሮ በጨለማ አጥርታ ስለማታይ ጠብ አታነሣም። ንጋት ላይ ግን ቀድማችሁ ተነሡና በሩን ክፈቱ።

አንድ ሁለቴ ቢነቁሯት አትደንግጡ። ደረጃዋን እያስተማሯት ነው። ደም ካያችሁ ግን ወዲያው አውጧት። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች መንቆሯን አትተውም። ቁስሉን በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ሲድን እንደገና ከቅርጫቱ ጀምሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥ አንድ መንገድ አለ። የታቀፈች ዶሮ ካለቻችሁና ጫጩቶቿ ገና መፈልፈላቸው ከሆነ፣ ያንኑ ሰሞን የተፈለፈለች ሌላ ጫጩት በሌሊት ቀስ ብላችሁ ከክንፏ ሥር አስገቡ። ብዙ ጊዜ እንደ ልጇ ትቀበላታለች። ካደገች በኋላ ግን ላትቀበላት ትችላለች።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። እነዚህን ቃላት አንብቡ፤ ጻፉም፦

ጫጩት። ቄብ። ቆጥ። ቅርጫት። ክትባት።

ይህንም አንብቡ፦

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ጫጩት ስትገዙ በደብተራችሁ አራት ቀን መዝግቡ። የተገዛችበትን ቀን፤ የተከተበችበትን ቀን፤ ቅርጫት ሥር የገባችበትን ቀን፤ የተቀላቀለችበትን ቀን። ሰው ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም።

እናታችን፣ ደብዳቤዎን አጥርተን አንብበነዋል። አንዲትም ፊደል አልጠፋችብንም። ሌላ ጫጩት ሲገዙ ሁለተኛውን ደብዳቤ ይጻፉልን፤ እንጠብቃለን።

ደኅና ሁኑ፣ አድማጮቻችን።